አደይ አበባን ከቅርብ ሳነሳ ስልኬ ያደበዝዛል፤ ካሜራ ሳልገዛ መላ አለው?

የጉለሌዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ የቆየ ነው፤ ባለ 12 ሜጋፒክስል አንድ ካሜራ፣ ማክሮ (በጣም ከቅርብ ማንሻ) የሚባል ነገር የለውም። አደይን ጠጋ ብዬ ሳነሳ ብዥ ይላል። ራቅ ስል አበባው ነጥብ ያክላል፣ ቢጫውም ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ሳይረግፍ ምን ልሞክር?

ባለሌንሱ፦
በቅድሚያ ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረጊው፤ የጣት ቅባት ብቻውን ያደበዝዛል።

አብዛኛው የስልክ ካሜራ ከ8–10 ሳ.ሜ. ቀርቦ ፎከስ አያደርግም (ጥርት አድርጎ አያነሳም)። 15 ሳ.ሜ. ያህል ራቂና 2 እጥፍ ዙም አድርጊ። ይህ ዙም ምስሉን ከመቁረጥ አይለይም፤ ከ4000 በ3000 ፒክስል 2000 በ1500 ይተርፍሻል። ለ10 በ15 ሳ.ሜ. ኅትመት 1800 በ1200 ገደማ ስለሚበቃ አትስጊ። ከ2 እጥፍ ግን አትለፊ።

የቢጫው ችግር ሌላ ነው። ስልኩ ጠቆር ያለውን አረንጓዴ እያየ ብርሃን ስለሚጨምር አበባው ይነጣል። አበባው ላይ ጣትሽን አቆይ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ሲቆለፍ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳቢ፣ የአበባው ቢጫ ቅጠል ላይ ያሉት ስስ መስመሮች እስኪወጡ ድረስ። ጀርባው ቢጨልም ተይው፣ ያምርበታል።

ጎህ፦
የንባብ መነጽር ሌንሱ ፊት ብትይዝስ?

ባለሌንሱ፦
ብዙም አይጠቅም። +3 (ቁጥሩ የሌንሱ ጉልበት ነው) መነጽር የ10 ሳ.ሜ.ን ርቀት ወደ 7.7 ቢያወርደው ነው። +10 የሆነ አጉሊ መነጽር ግን 5 ሳ.ሜ. ያደርሳታል።

የእንጦጦ ንፋስ፦
ከዚያም በላይ ለመቅረብ የርካሽ ሌዘር (በጨረር መጠቆሚያ መብራት) ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ሌንስ ትበልጣለች። ባትሪውን አውጪ፣ የፊቱን ክዳን ፍቺ፣ ሌንሷን አውጪ። የፀጉር ፒን ሁለት እግሮች መሐል አስገብተሽ በፕላስተር ስልኩ ላይ ለጥፊያት፤ ልክ በካሜራው መሐል ትሁን። ሁለቱንም ጎን ሞክሪ፦ በተሳሳተው ጎን መሐሉ ብቻ ጥርት ብሎ ዙሪያው ይፈስሳል።

አሁን 1 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው የምትሠሪው። እዚህ ፎከስ በጣት አይገኝም፤ ቆልፊውና ስልኩን ራሱን በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሺ፣ እያነሳሽ። ከ10 አንዷ ጥርት ካለች ደኅና ነው። ጥርት የሚለው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ስለማይዘል ትንሽ ንፋስ ያበላሸዋል። ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ውጪ፣ አገዳውንም በልብስ መቆንጠጫ ከተተከለ እንጨት ጋር ያዢው። ስልኩ ራሱ ጥላ ስለሚጥል ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሚ። ፍላሽ አይሞከርም።

እግረ መንገድሽን መሐሉን እዪው። አንድ አበባ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ በዚህች ሌንስ አንድ በአንድ ይለያሉ።

ጎህ፦
እኔ ደግሞ ያለ ሌዘርም የሚሠራ ጨዋታ ልጨምር። ከፋርማሲ ግሊሰሪን ግዢና ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ደባልቂ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ አንድ ጠብታ ሣር ጫፍ ላይ አንጠልጥዪ። ንጹሕ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ይህ ግን ይቆያል። አደዩን ከጠብታው ኋላ 3 ሳ.ሜ. ያህል አድርጊው፤ ጠብታው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ፎከሱ በጠብታው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ውስጡ ባለችው ትንሽ አበባ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ጠብታው ከወደቀ በጣም ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ጠብ እንዳለ የሚቀር ትንሹ ይሻላል።

የጉለሌዋ፦
የሌዘሯን ሌንስ ለጥፌያለሁ፣ ግን በምስሉ ዙሪያ ጥቁር ክብ ይታያል።

ባለሌንሱ፦
ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ዙም ስታደርጊ ክቡ ከምስሉ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ ከወፈረ ሌንሷ ከመሐል ሸርተት ብላለች፤ ፕላስተሩን ላጥ አድርገሽ አስተካክዪያት።