በኤች ዋን ቢ (በሥራ ቪዛ) ቤት የገዛችሁ እስቲ እርዱን
ሰላም ወገኖች፣ ያለነው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እኔም ባለቤቴም እንሰራለን ክሬዲታችንም ጥሩ ነው። በኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የቤት ብድር) 3.5 ፐርሰንት ቅድሚያ ከፍለን እንገባለን ስንል እሱ ከሜይ 25፣ 2025 ጀምሮ ግሪን ካርድ ለሌለው ሰው ቀርቷል። ኮንቬንሽናል (እንደ ኤፍኤችኤ የመንግሥት ዋስትና የሌለው ብድር) ላይ ግን ፋኒ ሜ (የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ድርጅት) ሕጋዊ ወረቀት ያለውን ከሲቲዝን እኩል ነው የሚያየው፣ ሆኖም አንድ ሌንደር (አበዳሪ) ቪዛችሁ ከዓመት በታች ነው የቀረው ብሎ መለሰን፣ ኤክስቴንሽኑ እኮ ገብቷል ሪሲቱንም አሳይተናል! ይሄ የሌንደሩ የራሱ ደንብ ነው ወይስ ሁሉም ጋ እንደዚህ ነው? ሪሲቱንና የአሰሪ ደብዳቤ ብቻ አይቶ፣ 20 ፐርሰንት አምጡ ሳይል ያበደራችሁ ካለ በምን በኩል ሄዳችሁ፣ ክሬዲት ዩኒየን ይሻላል ወይስ ብሮከር? ኪራዩ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤታቸውን ለምደዋል ከዚህ ሰፈር ማውጣት አንፈልግም፣ የምታውቁ በእናታችሁ ንገሩን።