ሩቅ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት ለማደር፦ ውኃ፣ ድንኳን፣ መኪና

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን በአንድ ፎር ባይ ፎር መኪና ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት ልናድር ነው። የመጨረሻው 40 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚባል ነገር የለውም፣ ስልክም አይሠራም። ጉማሬ፣ አዞ፣ ዝንጀሮና ጅብ አለ። ድንኳኑን ከውኃው ስንት ሜትር እናርቅ? የሐይቁን ውኃ አፍልተን ብንጠጣስ? መዋኘትስ?

ሸለቆ፦
ሜትር ከመቁጠራችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣና ሊነጋ ሲል ይመለሳል፤ የሚመላለሰውም በለመደው መንገድ ነው። መንገዱን ለመለየት አያስቸግርም። ግራና ቀኝ እግሩ የሚረግጣቸው ሁለት ቦዮች አሉ፣ መሐላቸው ጉብ ያለ ነው። የመኪና ዱካ ይመስላል፣ ግን ጠባብ ነው። ዳር ዳሩ ያለው ቁጥቋጦ ላይም በጅራቱ እየመታ የበተነው ፋንድያ ተለጥፎ ይገኛል። ችግሩ ሣር የለበሰና ወደ ውኃው ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ለድንኳን ዓይን የሚገባ ቦታ ለእሱም የሚመቸው መውጫ መሆኑ ነው። በቦዩ አቅጣጫ ላይ ከሆናችሁ 100 ሜትርም አያድንም። ወደ ጎን ራቁ፣ ከፍ ያለ ድንጋያማ ቦታ ምረጡ። ማታ በጉማሬውና በውኃው መሐል አትግቡ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ።

አዞ ልማድ ያጠናል። ስለዚህ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦታ ውኃ አትቅዱ፤ ጎንበስ ብሎ መቅዳት ደግሞ ጨርሶ ይቅር፣ ባልዲውን በገመድ ከከፍታ ጣሉት። ዓሣም ዳር ላይ አታጽዱ።

ምግብ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይደር። ጫማም እንዲሁ፣ ጅብ ቆዳ ይወዳል።

ጀሪካን፦
ውኃ ተሸክማችሁ ሂዱ። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያዙ፤ አራት ሰው ለአራት ቀን 80 ሊትር፣ መኪና ቢያዝ ለመጠባበቂያ 20። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። አንድ ትልቅ በርሜል አይሁን፤ ከተቀደደ ሁሉም አብሮ ይፈስሳል።

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ 3 ደቂቃ ይበቃል። ጨውና ፍሎራይድን ግን አያወጣም፣ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ ይበረታሉ። እንደ ሻላ፣ ናትሮንና ቦጎሪያ ያለ የሶዳ ሐይቅ ቢፈላም አይጠጣም። በጣታችሁ ብታሹት ሳሙና የነካው ይመስል ያሟልጫል። አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ከሆነም ተዉት፤ የዚያ አልጌ መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

መዋኘቱን አዞው ከልክሏል። የሚረሳው ቢልሃርዚያ ነው፤ ቀንድ አውጣ ባለበት ጨው አልባ ውኃ እግር መንከርም ይበቃል፣ የትሉ እጭ የሚገባው በቆዳ ነውና። የመታጠቢያ ውኃ ቀድታችሁ 48 ሰዓት ካቆያችሁት እጩ ይሞታል። ውኃው የነካው ሰው ደህና ነኝ ብሎ ዝም አይበል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። ወዲያው ቢመረመር ላይታይ ይችላል።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። መኪናውንስ እስከ ዳሩ ብንነዳ? በፎቶ ሳየው ነጭ፣ ደረቅና ሜዳ ነው።

ክሪክ፦
ብዙ መኪና የሚበላው ያ ነጩ ነው። ከላይ የደረቀ የጨው ቅርፊት፣ ከሥሩ ጭቃ። መጀመሪያ በእግር ሂዱና በተረከዝ ምቱት። ተሰብሮ ጥቁር እርጥበት ካሳየ መኪናው ከዚያ አይለፍ።

ለአሸዋ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አውርዱ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ። ድንጋይ ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉ፤ ካልሆነ የጎማው ጎን ይተረተራል። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ግድ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ግን ንፋስ መቀነስ ዋጋ የለውም። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዘነበ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ከተያዛችሁ ነዳጅ መስጠት አቁሙ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይቆፍራል፣ በመጨረሻ ሻንሲው መሬት ላይ ይቀመጣል። አፈሩን ከጎማው ፊትና ኋላ ጥረጉ፣ ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። ክሪኩ ለብቻው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከሥሩ የሚገባ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ ያዙ።

ሸለቆ፦
ቅርንጫፉ ላይ አልስማማም፤ ጥብቅ ቦታ ከሆነ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፣ እሾኹም ጎማ ይበሳል። ሁለት ረጅም ሳንቃ ጣሪያ ላይ እሰሩ።

ክሪክ፦
ልክ ነህ፣ ሳንቃው ይሻላል። አካፋውን ደግሞ ከጓዙ ሥር አትቅበሩት፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ጓዝ ማራገፍ ሌላ ሥራ ነው።