ለግሌን ላርሰን መታሰቢያ፦ የ«ናይት ራይደር» ቀይ መብራት እንዴት ይሠራል?

የሐይቅዳር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሙ የ«ናይት ራይደር» ፕሮዲውሰር ላርሰን ያረፈው ህዳር 5 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ለሙት ዓመቱ ሐዋሳ ላይ ተሰብስበን ተከታታዩን ስናይ፣ በመኪናዋ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ቀይ መብራት ከስክሪኑ ስር ቢሮጥ ደስ ይለኛል። 6 ቀይ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት) እና የ9 ቮልት ባትሪ አለ። ቀሪው?

ካውያ፦
ሁለት አይሲ (ቺፕ) ይበቁሃል፦ ምት የሚሰጠው 555 እና ምቱን እየቆጠረ መውጫዎቹን በየተራ የሚያበራው 4017። 555ቱ ላይ የ10 እና የ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ የ1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተርም ስታስገባ በሰከንድ 14 ያህል ምት ይሰጣል፤ አንድ ምልልስ 10 ምት ነው። የ555ን 3ኛ እግር ከ4017 14ኛ እግር ጋር አገናኝ። የ4017 13ኛውና 15ኛው እግር ኔጌቲቭ ላይ ይታሰሩ፤ 15ኛው ክፍት ከቀረ መብራቱ እንዳሻው ይዘላል።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው የ4017 መውጫዎች በእግር ቁጥር ተርታ የሚሄዱ መስለውት ነው። 1ኛው ኤልኢዲ ከእግር 3፣ 2ኛው ከ2 እና 11፣ 3ኛው ከ4 እና 9፣ 4ኛው ከ7 እና 6፣ 5ኛው ከ10 እና 5፣ 6ኛው ከ1።

ዳዮድ አትርሳ፦
ሁለት መውጫ በቀጥታ ካገናኘህ አንዱ ሲያበራ ሌላው ወደ ኔጌቲቭ ይስበዋል፤ መብራቱ ይደክማል፣ አይሲውም ይግላል። በየመውጫው አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ በድምሩ 10 አስገባ። በአንድ ጊዜ የሚበራው አንድ ስለሆነ ለስድስቱም አንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበቃል።

ካውያ፦
ልክ ነህ። በነገራችን ላይ ይህችን ሯጭ ቀይ መብራት ላርሰን ቀድሞ በ1978 እ.ኤ.አ. በሌላው ተከታታዩ በ«ባትልስታር ጋላክቲካ» ሮቦቶች ዓይን ላይ አሳይቷታል። የ«ናይት ራይደር»ን ዜማም ከስቱ ፊሊፕስ ጋር የደረሰው ራሱ ነው፤ ከመብራቱ ጋር አብራችሁ ልቀቁት።