«የኦዞን ነገር አልቋል» እየተባልኩ ነው። በሳተላይት ኦዞን ላይ ፒኤችዲ ልጀምር ወይ?

የጣና ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሼ ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ለፒኤችዲ ሁለት ርዕስ ይዣለሁ። ልቤ የሄደው ኦዞንን በሳተላይት ዳታ ወደ ማጥናቱ ነው። ግን የነገርኩት ሰው ሁሉ «ቀዳዳው ተደፍኖ የለም እንዴ? ምን ቀረው?» ይለኛል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ክፍል ውስጥ የነገሩን ታሪክ አለ። የናሳ ኮምፒዩተር የአንታርክቲካን ቀዳዳ አይቶ «ስህተት ነው» ብሎ ጣለው ይባላል። እውነት ነው? ስንት ዓመቴን ልሰጠው ስለሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የሸገር ሰው፦

እህቴ፣ ምርምሩ ደስ ይላል። ግን እንጀራ ይሆናል ወይ የሚለውንም አስቢበት። እኔ ሜትሮሎጂ ተምሬ አሁን የምሠራው ባንክ ነው። ያኔ የለመድኩት ፓይተን (የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ግን እስካሁን እያበላኝ ነው።

ሰማይ ለኪ (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ሳልመልስልሽ መተኛት አልሆነልኝም። አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሬ እዚህ ሜሪላንድ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሃያውንም ዓመት የሠራሁት ኦዞን ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ኮምፒዩተሩ ምንም አልጣለም። ኒምበስ 7 የተባለው ሳተላይት በኦክቶበር 1978 ወደ ላይ ሲወጣ ቶምስ የሚባል የኦዞን መለኪያ ይዞ ነበር። ሶፍትዌሩ ከ180 ዶብሰን ዩኒት (የኦዞን መጠን የሚለካበት ነው) በታች የሆነ ቁጥር ሲያይ «ይህን አጣሩ» የሚል ምልክት ያደርግበታል እንጂ አይሰርዘውም። በ1984 የ1983ን ኦክቶበር ዳታ ሲያዘጋጁ አንታርክቲካ ላይ ምልክቱ በዛባቸው። ደቡብ ዋልታ ላይ በመሬት መሣሪያ ከተለካው ጋር አስተያዩት። የመሬቱ 300 አካባቢ ይላል። ስህተቱ የመሬቱ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። አንቺ ብትሆኚ ያኔ የትኛውን ታምኚ ነበር?

ከናሳው ቡድን አንዱ ፓዋን ባርቲያ በኦገስት 1985 ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ ካርታውን አቀረበ። እንግሊዞቹ ግን ቀድመውት ነበር። ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን ጽሑፋቸውን በሜይ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። እነሱ አንታርክቲካ ውስጥ ሃሊ የሚባል ጣቢያ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሳያቋርጡ ሲለኩ የኖሩ ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ እንደ ስንፍና ታሪክ ሲያወሩት ያመኛል። ሰዎቹ ያደረጉት ማንኛችንም የምናደርገውን ነው። እንግዳ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ መሣሪያሽን ትጠረጥሪያለሽ።

ሥራችንም በአብዛኛው ይኸው ነው። የተለወጠው ሰማዩ ነው ወይስ መሣሪያው? ይህንን መለየት።

ሳተላይቱ ኦዞንን በቀጥታ አያይም። የሚያየው ከታች ተበትኖ ወደ ላይ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ኦዞን አጭሩን የአልትራቫዮሌት ሞገድ ይውጠዋል፤ ረዘም ያለውን ብዙም አይነካውም። ሁለቱን ስታስተያዪ በመሃል ምን ያህል ኦዞን እንዳለ ይገባሻል። ግን ፀሐይ ራሷ ምን ያህል እንደላከችም ማወቅ አለብሽ። ለዚህ ቶምስ ሸካራ የአሉሚኒየም ሳህን ነበረው። ሳህኑን ለፀሐይ ይሰጥና ከሱ የሚመለሰውን ይለካል። ችግሩ፣ ሳህኑ ፀሐይ በመታው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። በአጭሩ ሞገድ ደግሞ ይብስበታል። ይህን ካላረምሽ ኦዞን በዓለም ሁሉ የቀነሰ ይመስልሻል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር። የአንታርክቲካው መቀነስ እውነት ነው። በሌላው ዓለም ላይ የታየው ግን ስንቱ የሰማዩ፣ ስንቱ የሳህኑ? ያንን ለመለየት ዓመታት ወሰደ።

በ1991 በሶቪየቶቹ ሜቴዎር 3 ሳተላይት የተላከው ቶምስ ሦስት ሳህን ይዞ ሄደ። አንዱ ሁልጊዜ ፀሐይ ያየዋል። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ይወጣል። ሦስተኛው ከስንት አንዴ ብቻ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የዘወትር ቀሚሷ ምን ያህል እንደነጣ የምታውቀው የክት ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ነበር። ሦስተኛው ሳህን የክት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ለሰው ስናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የራሴንም ልንገርሽ። ኦራ በተባለው ሳተላይት ላይ በ2004 የወጣው ኦሚ የተባለ የኦዞን መለኪያ ብርሃኑን በ60 ረድፍ ከፋፍሎ ነው የሚለካው። በ2009 መጀመሪያ ካርታዬ ላይ እንደ ጥለት ያለ ግርፍ መታየት ጀመረ። ኮዴ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ስፈትሽ ቆየሁ። ሌሊት እየተነሳሁ አንድ በአንድ አየሁት። ምንም የለበትም። በመጨረሻ ቁጥሮቹን በኬክሮስ መደርደር ትቼ በረድፍ ደረደርኳቸው። ደመና ይኑር አይኑር፣ ባሕር ይሁን ምድር፣ የሚበላሹት እነዚያው ረድፎች ናቸው። ሰማይ ደግሞ ረድፍ አያውቅም። ለካ ችግሩ በ2007 በጥቂት ረድፎች ተጀምሮ ያኔ ተስፋፍቶ ነው፤ ሌሎችም ደርሰውበት ነበር። ከውጭ ያለው የሙቀት መከላከያ ላልቶ የመሣሪያውን ዕይታ በከፊል ጋርዶት ነው ተብሎ ይታመናል። ከጊዜ በኋላ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ረድፎች ተነኩ። ጤነኞቹ ግን ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። እኔም ከነሱ ጋር።

«አልቋል» ላሉሽ ደግሞ፦ አላለቀም። ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ያገደው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ሠርቷል፤ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ይህ ያኮራኛል። ግን በ2022ቱ ዓለም አቀፍ ግምገማ መሠረት፣ አንታርክቲካ ወደ 1980ው መጠኑ የሚመለሰው ሕጉ ተከብሮ ከቀጠለ በ2066 አካባቢ ነው። አብዛኛው ኦዞን ያለበት የሰማይ ንብርብር ስትራቶስፌር ይባላል፤ በላይኛው ክፍሉ ኦዞኑ እያገገመ ነው። በታችኛው ግን ከዋልታዎቹ ውጭ ባለው ሰፊ ክልል ቁጥሩ እንደተጠበቀው አልጨመረም። ለምን? ገና እየተከራከርንበት ነው። በ2018 ደግሞ ሲኤፍሲ-11 የተባለው የተከለከለ ጋዝ ልቀቱ እንደገና መጨመሩ ተደረሰበት። መለካት ቢቆም ማን ያውቅ ነበር?

አሁን የእኛ አገር። ኦዞን በብዛት የሚሠራው በምድር ወገብ አካባቢ፣ ፀሐይ በምትበረታበት ነው። ነፋሱ ግን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ዋልታዎቹ ይወስደዋል። ፋብሪካው እኛ ዘንድ፣ መጋዘኑ ሌላ ቦታ እንደማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ 260 ዶብሰን ዩኒት አካባቢ ስታዪ የማትደነግጪው። እኛ ዘንድ ያለው ዳታ ከአውሮፓው ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2009 ጀምሮ በ2,443 ሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይን ብርሃን የሚተነትን የኢንፍራሬድ መሣሪያ አቁሟል፤ ኦዞኑን ከሳተላይት ጋር አስተያይተው ጽፈውበታል። ከእሱ ብትጀምሪ ማን አለ ያንን የሚያክል?

የዩትሬክቷ፦

ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ኦሚን የሠሩት ሆላንዶችና ፊንላንዶች ናቸው። ተተኪው ትሮፖሚ በኦክቶበር 2017 ወጥቷል። የኦሚ አንድ ፒክስል 13 በ24 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የትሮፖሚ አሁን 5.5 በ3.5 ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ለይተሽ ታዪያለሽ። ዳታው በነፃ ነው፤ ኢሜይልሽን አስመዝግበሽ ማውረድ ብቻ። ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ ግን የምትፈልጊውን ቦታ ብቻ ቆርጠሽ አውርጂ እንጂ ሙሉውን ፋይል አትሞክሪ።

የጣና ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። የሳህኑን ታሪክ ለአባቴም አነበብኩለት። የዩትሬክቷ እህቴም ተባረኪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ባለኝ ላፕቶፕ ምን ልሥራ?

ሰማይ ለኪ (ሜሪላንድ)፦

ተባረኪ ልጄ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

የአንድ ዓመት የኦሚ ዳታ ለአዲስ አበባ ብቻ አውርጂ። ሳተላይቱ የሚያልፈው በኛ ሰዓት ከቀኑ 7፡45 አካባቢ ስለሆነ በቀን አንድ ቁጥር ገደማ ነው የሚሆንልሽ። ላፕቶፕሽ ይችለዋል። በቀን ደርድሪና ሣይው። ምንም አታርሚ፣ ምንም አትሰርዢ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ እዪው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስትደርሺ ተጠንቀቂ። ወፍራም ደመና ሲኖር ሳተላይቱ ከደመናው በታች ያለውን ኦዞን አያይም። ያንን ክፍል ሶፍትዌሩ ከቀድሞ ዓመታት አማካይ ወስዶ ነው የሚሞላው። ስለዚህ የሐምሌን ቁጥር እንደ ጥሩ ቁጥር አትመኚው። ፋይሉ ውስጥ የደመናን መጠን የሚነግር አምድ አለ። በጎኑ ሣይውና የትኞቹ ቀኖች እንዳጠራጠሩሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ አየዋለሁ።