ጥያቄ፦ የልጆቼ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የ5ኛ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። አርባ ምንጭ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተማሪዎቻችንን የብዕር ጓደኛ ልናደርጋቸው ተስማምተናል። መጻፍም ካርታም ባንድ ድንጋይ እንዲማሩ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ደብዳቤ አጻፍኳቸው። 61 ልጆች አሉኝ። 61ዱም «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» ብለው ጀመሩ፣ እዚያው ጨረሱ። አይተውት የማያውቁትን ልጅ ናፈቁት! ጥፋቱ የኔ ነው። ለምሳሌ ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ነው የገለበጡት። ሌላው ችግር፣ እነሱ 47 ናቸው፤ የኔዎቹ 14 ልጆች ጓደኛ ሊያጡ ነው። አላላኩንም የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ ሰላምታውን አታስጠዪያቸው። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ሳያንኳኩ ቤት እንደመግባት ነው። ግን አንድ መስመር ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ «ዛሬ ጠዋት ስትመጡ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ» በያቸው። አንድ ብቻ። ስለ ከተማችሁ ጻፉ ካልሽ መጽሐፉን ይገለብጡልሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚያ ያለ ልጅ ብቻ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ይጠይቁ። መጀመሪያ ደብተር ላይ ይሞክሩት፤ እርማትሽ እዚያ ይለቅ። የሚላከው ወረቀት ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንዳይታይ።

ለካርታው አንድ ዘዴ አለኝ። ሁለታችሁም ቴርሞሜትር ፈልጉና ለአንድ ሳምንት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጆቹ ያንብቡ፣ ቁጥሩን ይላላኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አርባ ምንጭ 1,300 አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው! ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይጨቃጨቁበት። ደጋና ቆላ ያኔ ይገባቸዋል።

መልስ፦ አርባ ምንጭ የማስተምር
እኔ የተስማማሽው ትምህርት ቤት ውስጥ አይደለሁም፤ ግን ጎረቤት ነኝ። እህቴ፣ ሁለት ነገር ልበልሽ። ብዙዎቹ የኛ ልጆች አፍ የፈቱት በጋሞኛ ነው። አማርኛን የሚጽፉት እየተማሩት ነው። ስለዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ። ልጆችሽ «ይህ በጋሞኛ ምን ይባላል?» ብለው ቢጠይቁማ የኛዎቹ አስተማሪ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ፍርሃታቸውም ይለቃቸዋል።

ሁለተኛው፣ እባካችሁ ስለ አዞ ብቻ አትጠይቁን! ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ አለ፣ አዎ። ግን ሙዙስ? የሽፈራው ቅጠል እንዴት እንደሚበላስ? የዶርዜ ሸማኔዎችስ? የከተማውን ስም ይጠይቁ፦ ከተራራው ሥር የሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ናቸው «አርባ ምንጭ» ያሰኙት። የናንተዎቹም ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ ታየ ስለሚባለው ብርሃን ይንገሩን።

መልስ፦ ፖስታ ቤት የሠራሁ
61 ፖስታ በየራሱ እንዳትልኪ፤ በቴምብር ትከስሪያለሽ። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፖስታ ወደ ትምህርት ቤቱ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ላኪ። የመምህሩ ስም ይኑርበት፣ የላኪ አድራሻም እንዳይረሳ። ደረሰኝ የሚሰጥበትን አላላክ ጠይቂ። ከመላክሽ በፊት እያንዳንዱን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ቢጠፋ በቴሌግራም ትልኪዋለሽ። የልጆቹ ስልክና የቤት አድራሻ ግን ደብዳቤው ውስጥ አይግባ። የመጀመሪያ ስምና ክፍል ይበቃል።

የመንገዱን ነገር ደግሞ ልጆቹ ካርታ ላይ ይከተሉት፦ አዲስ አበባ፣ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። «አሁን የት ደርሶ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ፈተና ይሻላል።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር
ለ14ቱ መላ አለው። 28 ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጊያቸው፣ 14 ጥንድ ይሆናሉ። የቀሩት 33 ለየብቻ ይጽፋሉ። 33 ሲደመር 14፣ 47። በጥንዱ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ካርታ ይሳል፤ በሚቀጥለው ዙር ይቀያየሩ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዛሬ አንዷ እንዲህ ጻፈች፦ «ጠዋት ስመጣ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎት ነበር። ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። እናንተ ጋ ሳሩ ጠዋት ጠዋት ምን ይመስላል?» አዞ የጠየቁትም አልጠፉም፣ ይቅርታ። አንዱ ልጅ ግን «ካንተ ናፍቆት በስተቀር» የሚለውን አልሰርዝም ብሎ ድርቅ አለ። ገና የማታውቀው ልጅ እንዴት ይናፍቅሃል ብዬ ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ መልሱ እስኪመጣ ይናፍቀኝ የለ?» አለኝ። ተውኩለት።