ሦስቱም የጋሌራ ክላስተር ኖዶች በአንድ ጊዜ ሲጠፉ የትኛው ቀድሞ ይነሣ?

ጠያቂ፦ አዲስ ተረካቢ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በሦስት ሰርቨሮች (ኖዶች) ላይ የተዘረጋ የማሪያዲቢ ጋሌራ ክላስተር፣ ማለትም አንድ ዓይነት ዳታ በጋራ የሚይዙ የዳታቤዝ ሰርቨሮች ስብስብ፣ የማስተዳደር ኃላፊነት በቅርቡ ተረክቤያለሁ። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሦስቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ጠፉ። ኃይሉ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያውን ኖድ በተለመደው የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ትእዛዝ ለማስነሣት ብሞክርም ጥቂት ከጠበቀ በኋላ የስህተት ቁጥር 110 በሎጉ ላይ ጽፎ ይቆማል፤ ሌሎቹን ኖዶች ለማግኘት የተሰጠው ጊዜ አልቋል ማለቱ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛውም በየተራ ሲሞከሩ እንዲሁ ይሆናሉ። በሦስቱም ላይ ግራስቴት የተባለውን የኖዱን ሁኔታ መመዝገቢያ ፋይል ከፍቼ ስመለከት በሴክኖ (የመጨረሻው ግብይት ተራ ቁጥር) መስመር ላይ -1፣ ለቡትስትራፕ (ክላስተሩን ከአንድ ኖድ አዲስ ለመጀመር) ደኅና መሆን አለመሆኑን በሚያመለክተው መስመር ላይ ደግሞ 0 ተጽፏል። ባልደረባዬ የአንዱን 0 ወደ 1 ለውጬ እንዳስነሣው ይመክረኛል፤ እኔ ግን የትኛውን እንደምመርጥ ሳላውቅ ፋይሉን መንካት አልፈለግሁም። ቀድሞ መነሣት ያለበት ኖድ በምን ይታወቃል?

መልስ 1፦ የዳታ ጠባቂ

በጋሌራ ውስጥ ቋሚ አለቃ የሚባል ኖድ የለም። አንድ ኖድ በተለመደው ትእዛዝ ሲነሣ በክላስተር አድራሻው መስመር ላይ የተዘረዘሩትን አቻዎቹን ይፈልጋል፤ በሥራ ላይ ያለ ክላስተር ካጣ ግን በራሱ ፈቃድ አዲስ አይመሠርትም። ሌሎቹ በኔትወርክ መቆራረጥ ብቻ ተሰውረውት ሥራቸውን እየቀጠሉ ሊሆን ስለሚችል እርሱም ለብቻው ቢጀምር ሁለት የተለያዩ የዳታ ታሪኮች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ሁሉም ሲጠፉ መሥራቹን ኖድ መምረጥ ለአስተዳዳሪው የተተወ ውሳኔ ነው።

-1 መጻፉ ዳታው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ይኸው ነው፤ ትክክለኛው ተራ ቁጥር የሚጻፈው ሰርቨሩ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። የ1 ምልክቱም በሥርዓት በተዘጋ ክላስተር ውስጥ በመጨረሻ ለወጣው ኖድ ብቻ ይሰጣል። በድንገት በጠፋ ክላስተር ውስጥ እንዲህ ያለ የመጨረሻ ወጪ ስለሌለ ሦስቱም 0 ሆነው ይገኛሉ።

እውነተኛው ቁጥር ያለው ኢኖዲቢ በተባለው የዳታቤዙ ማከማቻ ሞተር ውስጥ ነው። አስቀድመው የዳታ ማውጫዎቹን ቅጂ ይያዙ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ሰርቨሩን ደብልዩ ኤስ ሬፕ ሪከቨር በተባለው አማራጭ ያስነሡት። በዚህ አማራጭ ሲነሣ ለተጠቃሚ አገልግሎት አይከፈትም፤ የደረሰበትን ቦታ በስህተት ሎጉ ላይ ጽፎ ይዘጋል። ከጻፈው ውስጥ ረጅሙ ክፍል የክላስተሩ መለያ ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ግብይት ተራ ነው። መለያው በሦስቱም ላይ አንድ መሆን አለበት፤ በአንዱ ላይ በሙሉ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ ያ ኖድ ከሌላ ኖድ የዳታውን ሙሉ ቅጂ በመቀበል ላይ እያለ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ለመሥራችነት አይምረጡት።

ከፍተኛው ቁጥር ባለው ኖድ ላይ ብቻ 0ን ወደ 1 ይለውጡና በጋሌራ ኒው ክላስተር ትእዛዝ ያስነሡት፤ የቀሩትን በተለመደው ትእዛዝ አንድ በአንድ ያስከትሉ። ዝቅተኛ ቁጥር ባለው ኖድ ቢጀምሩ፣ ከፍተኛው ኖድ ሊቀላቀል ሲመጣ ቁጥሩ ከቡድኑ በልጦ ስለሚያገኘው ታሪኮቹ ተለያይተዋል ብሎ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ግራስቴትን አጥፍቶ በግድ ማስገባት ሙሉ ቅጂ እንዲቀበል ያደርገዋል፤ እርሱ ዘንድ ብቻ የነበሩት ግብይቶችም ይጠፋሉ። የባልደረባዎ ምክር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ሎግ አንባቢ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊሞከር የሚገባው ቀላል ነገር አለ። በዳታ ማውጫው ውስጥ ጂቪው ስቴት የተባለ ፋይል መኖሩን ይመልከቱ። የክላስተሩን የመጨረሻ አባላት ዝርዝር የሚይዝ ፋይል ነው፤ ኖዱ በሥርዓት ሲዘጋ ይሰረዛል፣ በድንገት ሲጠፋ ግን ይቀራል። በሦስቱም ላይ ካለ ሦስቱን በአንድነት ያስነሡ፤ እርስ በርስ ተገናኝተው የቀድሞ አባላት መሟላታቸውን ሲያረጋግጡ ክላስተሩን ያለ ቡትስትራፕ መልሰው ሊያቆሙት ይችላሉ። በየተራ ሲያስነሡ ያልሠራው፣ አንድ ኖድ ለብቻው በነባሪ ቅንብር 30 ሰከንድ ብቻ ስለሚጠብቅ ሊሆን ይችላል።

የሚቀላቀለው ኖድ ጥቂት ብቻ ወደ ኋላ ከቀረ የጎደለውን ከሰጪው ኖድ ጂካሽ (የቅርብ ለውጦች ማቆያ) ይቀበላል፤ የጂካሽ መጠን በነባሪ 128 ሜጋባይት ስለሆነ ብዙ የዳታ ለውጥ ለሚያስተናግድ ክላስተር ጠባብ ነው። ጂካሹ ካልበቃ ሙሉ ቅጂ ይጀመራል። አርሲንክ በተባለው የመቅጃ መሣሪያ ከሆነ ሰጪው ኖድ ቅጂው እስኪያልቅ ለአዲስ ለውጥ ዝግ ይሆናል፤ ማሪያባክአፕ በተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። የሲስተምዲ ነባሪ የማስነሻ ጊዜ 90 ሰከንድ በመሆኑ በቆዩ ስሪቶች ላይ ትልቅ ዳታቤዝ ሙሉ ቅጂ እየተቀበለ ሳለ ሊገደል ይችላል፤ ጊዜውን አስቀድሞ ማራዘም ይሻላል። ፋየርዎሉም ከ3306 ሌላ 4567፣ 4568 እና 4444 ፖርቶችን በኖዶቹ መካከል መፍቀዱን ያረጋግጡ።

ጠያቂ፦ አዲስ ተረካቢ

ጂቪው ስቴት በአንዱ ኖድ ላይ ስላልነበረ የመጀመሪያውን መንገድ ተከተልሁ፤ ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው በሦስተኛው ኖድ ላይ ነው። አሁን የክላስተሩ መጠን 3፣ ሁኔታው ፕራይመሪ (ሥራ የሚቀበል) ነው፤ ሁሉም ኖዶች ሲንክድ (ከክላስተሩ ጋር እኩል የደረሰ) ይላሉ። ሥሪት ለማሳደግ ኖዶቹን ዘግቶ መክፈት ሲያስፈልግ ይኸው ችግር ይደገማል?

መልስ 3፦ የዳታ ጠባቂ

አይደገምም፤ ሦስቱን በአንድ ላይ እስካልዘጉ ድረስ ቡትስትራፕ አያስፈልግም። አንዱን በሥርዓት ዘግተው ሥራውን ይጨርሱለት፣ ያስነሡት፣ ሲንክድ እስኪል ይጠብቁና ወደሚቀጥለው ይለፉ። ብዙዎች የሚስቱት ይህን መጠበቅ ነው፤ ኖዱ ገና ቅጂ እየተቀበለ ሳለ ሰጪውን ይዘጉበታል።

ክላስተሩ ሥራ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ምልዓተ ጉባኤ የሚቆጠረው ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ነው። በሥርዓት የወጣ ኖድ ከቆጠራው ይቀነሳል፣ በድንገት የጠፋ ግን አይቀነስም። ስለዚህ አንዱን ለጥገና ዘግተው ሁለት ብቻ በቀሩበት ሰዓት ከሁለቱ አንዱ በድንገት ቢጠፋ፣ የቀረው ነን ፕራይመሪ ሆኖ ጥያቄ መቀበል ያቆማል። ያን ጊዜ ሰርቨሩ በሕይወት ስላለ እንደገና ማስነሣት አያስፈልግም፤ የጠፋው ኖድ በእርግጥ መጥፋቱን በዓይንዎ ካረጋገጡ በኋላ በፕሮቫይደር (የጋሌራ ላይብረሪ) አማራጮች ውስጥ ፒሲ ቡትስትራፕ የተባለውን የስ ብለው ቢያዙት ወደ ሥራው ይመለሳል። የጠፋ የመሰለው ኖድ በሌላ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ በሕይወት ካለና እዚያም ሌላ ሰው ተመሳሳይ ትእዛዝ ከሰጠ ግን ሁለት ክላስተር ይሆናል። ለጥገናው ጊዜ ብቻ ጋርብዲ የተባለውን ዳታ የማይዝ ድምፅ ሰጪ በአራተኛ ማሽን ላይ ማስቀመጥ የቀረው ኖድ ነን ፕራይመሪ እንዳይሆን ያደርጋል፤ ከባድ ማሽን አይፈልግም፣ ኔትወርኩ ግን የተለዋወጡትን ለውጥ ሁሉ ስለሚቀበል ቀጭን መሆን የለበትም።