የድሮ ካርታ ላይ «በር»፣ «አፋፍ»፣ «ከተማ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠያቂ፦ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ሸለቆ በ1:50,000 ካርታ ለሚያነብ ሰው፣ «በር» እዚያ ያለው የመኪና መንገድ ዋሻ አፍ ነው?

ሸንተረር፦ አይደለም። ዋሻውን የፈለፈሉት ጣሊያኖች ናቸው፤ ጦራቸው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ግን ቦታው ቀድሞውኑ ጣርማ በር ይባል ነበር። በተራራ አገር «በር» ማለት ከሁለት ከፍታዎች መካከል ሰውና አጋሰስ የሚያሳልፍ ዝቅታ ነው። አንኮበርም «የአንኮ በር» ነው ይባላል። ካርታው ላይ ኮንቱሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች) ግራና ቀኝ ተከበው መሃሉ እንደ ወገብ ይጠባል፤ የእግር መንገዱም በዚያች ወገብ ይሻገራል። በኮንቱሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ስለሆነ ከዚያ ያነሰች በር ላትታይ ትችላለች። ያኔ መንገዱን እንጂ ኮንቱሩን አትመኑ።

«አፋፍ» ይቀላል፦ መስመሮቹ ከላይ ሳስተው ከታች ድንገት የሚጨናነቁበት ጠርዝ ነው። በ1 ሳንቲ ሜትር (መሬት ላይ 500 ሜትር) ውስጥ 10 መስመር ከተቆጠረ ቁልቁለቱ 200 ሜትር ነው፤ የተጫነ በቅሎ እዚያ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ መንገዱ ይጠማዘዛል።

ጠያቂ፦ ጥቂት ጎጆ ብቻ ያለበት «ከተማ»ስ?

ሸንተረር፦ ከተመ ማለት ሰፈረ ነው፤ «ጦሩ ከተመ» እንላለን። ከተማ ድሮ የጦርና የመኳንንት ሰፈር ነበር። ስለዚህ ገበያ ሳይሆን ዙሪያውን የሚያይ ከፍታ፣ በአቅራቢያውም ምንጭ ይፈለግ።

ፊደል ለቃሚ፦ የጣሊያን ካርታ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ በአንድ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ጣርማ በር «ተርማበር» ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ተነስቶ ሥርወ ቃል መፍታት ገደል መግባት ነው! ሽማግሌ ሲጠየቅም የካርታውን ስም አንብቦ «ተርማ ነው አይደል?» ማለት አይገባም፤ ለእንግዳ አክብሮት «አዎ» ይላሉ። በጣት አሳይቶ «ያ ማን ይባላል?» ብቻ ነው።

ሸንተረር፦ ነጥቡን በስልክ የሚፈልግም ይጠንቀቅ። የድሮዎቹ የ1:50,000 ካርታዎች መነሻ ልኬት (የቦታ አሃዞች የሚቆጠሩበት መሠረት) አዲንዳን የሚባለው ነው፣ የስልኩ ደግሞ ሌላ። የካርታው አሃዝ ሳይቀየር ስልኩ ላይ ከተጻፈ የሰሜን አሃዙ (ነጥቡ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው) 200 ሜትር ገደማ ይስታል፤ አፋፉን ፈልጎ ገደሉ መሃል ያስቆማል።